ለእማዬ ተብሎ የተላከ ልብስ

እናቴ ከሞተች በኋላ አራት ጊዜ ልብስ ተልኮላታል። አራቱንም የለበስሁት እኔ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ላይ ልናገርና ልገላገለው፤ አለዚያ ዙሪያውን ስዞር እውላለሁ። ለራሴ ጥብቅና ለመቆም ሲሆን ደግሞ የሚያክለኝ የለም።

የላከችው ታላቅ እህቴ ናት። እታለም ነው የምላት። ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ የእናታችንን መሞት አታውቅም። ያልነገርናት አውቀን ነው።

የቀብሩ ዕለት ሰው ከተበተነ በኋላ አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዘመዱን ሁሉ ሰብስበው "እዚያ በሰው ቤት ብቻዋን ሆና መርዶ አትሰማም" አሉ። "ደረቷን ስትደቃ እጇን የሚይዝላት ማን አለ? ራሷን ብትስት ውኃ የሚያቀምሳት ማን አለ? ውሏን ጨርሳ አገሯ ትግባ። ያን ጊዜ ዘመድ ባለበት፣ በማለዳ፣ በወጉ ይነገራታል።" ሁሉም ልክ ነው አለ። እኔም አልሁ፤ ዛሬም ልክ ነው እላለሁ። በኛ ዘንድ በሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ የነገረ ዕድሜውን ሙሉ ይወቀሳል። ስለዚህ ስለ መደበቁ ማንም አይውቀሰኝ። የኔ ጥፋት ሌላ ነው።

ኅዳር ነበር፤ እናቴ በምትኖርበት ጋፋት ጤፉ ገና አጨዳ ላይ ነው። "ብርድ ነው፣ ይለቀኛል" ብላ የናቀችው ሳል በአሥር ቀን ወሰዳት። እኔ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ልብስ ቤት ተቀጥሬ እሸጥ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ከሱቁ ተነስቶ እናቴ ቤት ምሳ በልቶ መመለስ ይቻላል። ያን ያህል ቅርብ ሆኜ ሳሏን በስልክ ነበር የምጠይቃት። ይኼም አንድ ነው፤ ግን እሱን ሁሉም ልጅ ያደርገዋል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ስትደውል የማነሳው እኔ ሆንሁ። "እማዬስ?" ትላለች። "ጋፋት ናት፣ ኔትወርክ የለም።" ሌላ ቀን "ጠበል ገብታለች።" ሌላ ቀን "ጆሮዋ በስልክ አልሰማ ብሏታል፣ ስትጮኽበት ትውልና ትናደዳለች።" እናቴ ድሮም ስልክ ትጠላ ስለነበር እህቴ ታምነኛለች። ችግሩ በቪዲዮ መደወሏ ነው። እኔ ከል ለብሻለሁ፤ ከራስ ጥፍሬ ጥቁር። ስልኩ ሲጮኽ ጥቁሩን ሻሽ ፈትቼ ከባንኮኒው ሥር እወረውርና ከተሰቀለው የሱቅ ልብስ አንዱን ከላይ ደርቤ አነሳለሁ። አንዳንዴ የዋጋው ወረቀት ከብብቴ ሥር ተንጠልጥሎ ይቀራል። "አንች! ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?" ትለኛለች እህቴ። እስቃለሁ። ሐዘን ላይ ሆኜ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ልብስ ድሮም ነፍሴ ነው። በኛ ሱቅ ወቅቱ የሚታወቀው በር ላይ ከምትቆመው አሻንጉሊት ነው። መስከረም ሲጠባ ቢጫ እናለብሳታለን፤ ውርጩ ሲጀምር ካፖርት፤ ጥር ሲደርስ የሐበሻ ቀሚስ፤ ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ነገር። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ ከተማውን ሲውጠው ወፍራም ሹራብና ቦቲ። በየዓመቱ ደግሞ የጥምቀት ፋሽን አለ። አንድ ዓመት ጥለቱ ሰፊ ይሆናል፣ አንድ ዓመት እጅጌው ይነፋል፣ አንድ ዓመት ከወገብ በታች ሽንሽን ካልሆነ ሞተን እንገኛለን። ባምናው ቀሚስ ታቦት ልትሸኝ የወጣች ልጅ በዓይን ትበላለች። ከሚበሏት አንዷ እኔ ነበርሁ።

ራሴ ግን የረባ ልብስ አልነበረኝም፤ ከየወቅቱ አንዳንድ ተራ ነገር የሰበሰብሁ ነበርሁ። ስልኬ ላይ የማያት አንዲት ሴት "ብዙ ልብስ አያስፈልግሽም፤ እርስ በርሱ የሚሄድ ጥቂት ይበቃሻል፤ መጀመሪያ ቀለምሽን ምረጭ" ትል ነበር። እሷን እያየሁ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ቀለም እመርጣለሁ። ጥቁር አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ የወይን ጠጅ ቀለም፣ ከነዚያ ጋር ደግሞ እንደ ሰናፍጭ ያለ ቢጫ። ከል የለበሰች ልጅ ይህን ታስባለች ወይ በሉኝ። ታስባለች። እኔ አስብ ነበር።

የመጀመሪያው ጥቅል የመጣው ለጥምቀት ነው፤ እናቴ በሞተች በሁለት ወሯ። አንዲት ከዚያው የተመለሰች የሐሙሲት ልጅ በሻንጣዋ ይዛው ሱቅ ድረስ አመጣችልኝ። ሻርፕ ነው። ለስላሳ፣ ሞቃት፣ የወይን ጠጅ ቀለም። ያን ዕለት አፍንጫዬን ቀብሬበት አለቀስሁ። ይኼ ውሸት አይደለም። ለአጎቴ ብነግራቸው "በስሟ ለነዳያን ስጭው፤ ለነፍሷ ይሆናል" አሉኝ። "እሺ አባባ" አልሁ። ልሰጥም ነበር።

በማግሥቱ እህቴ ደወለች። "ደረሰ? እማዬ ለበሰችው?" አለችኝ። የአሠሪዎቿ ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ፣ ድምጿ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍታ ነው የምትደውለው፤ ውኃው ከኋላዋ ይንሿሿል። "ለብሳው ነው ኪዳን የሄደችው፣ አሁን እኔ ጋ ትታው ነው፤ ይኸው" ብዬ ላሳያት አንገቴ ላይ ጣል አደረግሁት። በስልኩ ጥግ ያለችዋ ትንሿ ምስል ውስጥ ራሴን አየሁ። አቤት ሲያምር! ከጥቁር በላይ የወይን ጠጅ ቀለም እንደዚያ መሆኑን አላውቅም ነበር።

"ምን አለች?" አለች እህቴ።

"መረቀችሽ።"

"ምን ብላ? በሞቴ ንገሪኝ፣ እንዳለችው አድርገሽ ንገሪኝ።"

የእናቴን አመራረቅ በቃሌ አውቀዋለሁ። "'እግርሽን እንቅፋት አይንካው፣ የያዝሽው ሁሉ ይባረክ' አለች" አልኋት። እህቴ ዓይኗን ጨፍና "አሜን፣ አሜን፣ አሜን" አለች። ምርቃት የታላቅ ነው፤ ታናሽ ታላቁን አይመርቅም። እኔ በሞተች እናቴ አፍ ታላቅ እህቴን መረቅሁ። አፈር ልብላ እንጂ ምን እላለሁ። ሻርፑም ለነዳያን ሳይሰጥ ቀረ።

ለፋሲካ "ምን ልላክላት?" ስትለኝ አፌ አልተያዘም። "ረጅም ቀሚስ፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ እጅጌው ከክንድ ላይ ሰፋ ያለ፣ ጨርቁ የሚፈስ።"

"የሚፈስ!" ብላ ሳቀች። "እማዬ ናት የሚፈስ ጨርቅ ያለችው?"

"ዘንድሮ ተለውጣለች፤ አታውቂያትም።"

እህቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን "ተመስገን" አለች። ነገሩ ወዲህ ነው። እናታችን አባታችን ከሞተ ጀምሮ ከነጭ ሸማዋና ከአንድ ቡናማ ሹራብ በቀር ሌላ አልለበሰችም። "ማን ሊያይልኝ?" ነበር መልሷ። እህቴ ከአገር ስትወጣ የቆጫት ይኼ ነበር፤ እማዬን እንዳዘነች ትታት መሄዷ። እኔ አሁን በስልክ አዲስ እናት ፈጠርሁላት፤ ቀለም የምትመርጥ፣ የምትዘንጥ፣ ሐዘኗ የለቀቃት። እዚያ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆማ የምታመሰግነው ስለዚህች እናት ነበር።

በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚለቋት። ያችን ቀን ከሱቅ ሱቅ ስትዞር ትውላለች። ሻካራ ጨርቅ የእናቴን አንገት ያሳክካት ስለነበር እህቴ እያንዳንዱን ጨርቅ በገዛ አንገቷ ትፈትነዋለች። ይህን ሁሉ እየሳቀች ትተርክልኛለች። "ለራስሽስ አትገዥም?" ብላት "እኔን እዚህ ማን ያየኛል? ዩኒፎርም ነው የምለብሰው" አለችኝ። አያችሁ፣ ይኼ ሲነገረኝ እንኳ አልባነንሁም።

ቀሚሱ መጣ። እናቴ ሙሉ ሰው ነበረች፣ እኔ ደግሞ ቀጭን ነኝ፤ ሁለት ሰው ያስገባል። ገበያው ዳር ወዳሉት ልብስ ሰፊ ወስጄ በልኬ አስጠበብሁት። ከል ላይ ስለሆንሁ አደባባይ አልወጣሁበትም። ክፍሌን ዘግቼ፣ ጥቁሬን አውልቄ፣ መስታወት ፊት እለብሰዋለሁ፤ ከዚያ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ሙት ዓመቷ እስኪያልፍ መጠበቄን ለራሴ እንደ ጨዋነት እቆጥረው ነበር። ወይ ጨዋነት!

ክረምቱ ሲገባ የሆነውን ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ቁምሳጥኔ ውስጥ የጎደለው ካፖርት ነበር። እህቴ ስትደውል "እማዬ ብርዱ ጎድቷታል" አልኋት። መቃብር ያለች ሴት ብርድ ጎድቷታል አልሁ። አፌን ቢሰብረው ምን ነበረበት! እህቴ ደንግጣ "ያማታል እንዴ? ታስላለች?" አለች። "አይ፣ ኧረ ደህና ናት፤ ካፖርት ቢኖራት ነው እንጂ። ግራጫ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ኮሌታው ሰፋ ያለ።" በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሰው ፈልጋ ላከችው። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ቢጫ ሹራብ መጣ፤ እሱንም ቀለሙን የመረጥሁት እኔ ነኝ። እህቴ ለእማዬ የላከች ይመስላታል፣ እኔ ቁምሳጥኔን እየሞላሁ ነው። በያንዳንዱም "ምን አለች?" ትለኛለች፤ በያንዳንዱም እመርቃታለሁ።

ኅዳር መጣ፤ ሙት ዓመቷን አወጣን፤ ከሌን አወለቅሁ። በማግሥቱ አረንጓዴ ቀሚሴን ለብሼ፣ ግራጫ ካፖርቴን ደርቤ፣ ሻርፑን ጣል አድርጌ ሱቅ ገባሁ። ደብረ ታቦር አወራልኝ። "ሐዘን አሳመራት" አሉ። የሚገዙት ሴቶች የሱቁን ልብስ ትተው እኔን ያያሉ፤ "ይኼ ከየት ነው? አንች እኮ የራስሽ የሆነ አለባበስ አለሽ" ይሉኛል። "እህቴ ልካልኝ ነው" እላለሁ። አንድ ወር ያህል እንደዚያ በሙገሳ ኖርሁ።

ታኅሣሥ ላይ እህቴ ደወለች፤ "ውሌ አለቀ። ለጥምቀት ከእማዬ ጋር ነኝ!"

አጎቴ ጠርተው መከሩኝ። "አንች ትቀበያታለሽ። ሳቂ። ፊትሽ እንዳያስታውቅ፣ ጥቁር ነገር እንዳትለብሽ። ያን ዕለት እኔ ቤት ታርፋለች፤ በማግሥቱ ማለዳ እንነግራታለን።" እሺ አልሁ። የኔ ፍርሃት ግን መርዶው አልነበረም። መርዶውን እሳቸው ይነግሯታል፤ አብሬያት አለቅሳለሁ፤ ይለቀሳል፣ ያልፋል። የፈራሁት ከዚያ በኋላ ተቀምጣ ወራቱን ስትቆጥር ነው። ከቆጠረች እህት የለኝም አልሁ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የፈራሁ ሰው ልቀበላት በሄድሁበት ጠዋት ምን ለበስሁ? ካፖርቱን! ሌላ አልነበረኝም እንዳልል ከሱቅ መዋስ እችል ነበር። አዝራሮቹን ቀይሬያለሁ፣ ወገቡን አስጠብቤያለሁ፣ አታውቀውም ብዬ ነው። ደግሞ፣ ልናገረው፣ ሲያምርብኝ እንድታየኝ ፈልጌ ነው። ከደብረ ታቦር በውርጭ ተነስቼ ባሕር ዳር ስደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ኤርፖርቱ በር ላይ ላቤ እየወረደ አላወለቅሁትም።

እህቴ ወጣች። ከስታለች። የስፖርት ሱሪና እጅጌው የተልፈሰፈሰ ሸሚዝ ለብሳለች፤ የእመቤቲቱ ልጅ ያወለቀችው መሆኑን በኋላ ነገረችኝ። በሦስት ዓመት አንድ ነገር ለራሷ አልገዛችም። "እሰይ የኔ እናት! እሰይ!" ብላ ተጠመጠመችብኝ። እንደ ልጅ ስታቅፈኝ አንድ እጇ ካፖርቴ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀጥ አለች። እጇ በግራ በኩል ገበሩ ላይ የሆነ ነገር እየዳሰሰ ነው።

"ይኼን ኪስ የሰፋሁት እኔ ነኝ" አለች። "ለጎተራው ቁልፍ። ሁልጊዜ ይጠፋታል ብዬ በእጄ ነው የሰፋሁት።"

እኔ ከፋብሪካው የመጣ መስሎኝ ሊፕስቲኬን ነበር የማስቀምጥበት።

"ሰጠችኝ" አልሁ። "ከበደኝ ብላ ነው።"

"እማዬ? ከወንዝ እንስራ ሙሉ ውኃ የምትወጣዋ ሴትዮ ካፖርት ከበዳት?" ፊቷ ተለወጠ። "ብርድ ጎድቷታል አላልሽኝም? ክረምቱን በምን አሳለፈችው? አንች ዘንጠሽ እሷን በምን ተውሻት?"

እውነቱን ልንገራት ብል መርዶው እዚያ፣ ሻንጣ የሚጎትት ሰው መሐል፣ ካለ አጎቴ፣ ካለ ዘመድ ሊወጣ ነው። ዝም ብል የእናቷን ካፖርት የነጠቀች ልጅ ነኝ። ነጣቂነቱን መረጥሁ።

"አውልቂው" አለችኝ። ሰው እያየን ነው። አወለቅሁት። ተቀብላ አራገፈችው፣ በጥንቃቄ አጠፈችው። "ዛሬ በገዛ እጄ ነው የማለብሳት" አለች።

በኮንትራት ሚኒባስ ተሳፈርን። ካፖርቱን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ሙሉ ከላዩ ላይ ብናኝ ስትለቅም ነበር። ወዲያው ቁጣዋ በረደና ታወራኝ ጀመር፤ "ጥምቀትን አረንጓዴዋን ቀሚስ ትለብሳለች፣ ሻርፑን እኔ አስርላታለሁ፣ አይታወቅም ዘንድሮ ፀጉሯንም እሠራት ይሆናል" ትላለች። ሐሙሲት ስንደርስ "አቁምልኝ" ብላ ለእማዬ ብርቱካን ገዛች፤ ለጥርሷ ሙዝ ይሻላል ብላ ደግሞ ሙዝ ጨመረች። ተሸክሜ አስገባሁት። ሹፌሩ የሰፈራችን ሰው ነው፣ ሁሉን ያውቃል፤ በመስታወቱ አየኝና ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። ከዚያ እስከ ደብረ ታቦር አልተናገርሁም። እሷ ስለተቆጣችኝ ያኮረፍሁ መስሏት "ነይ አንች አኩራፊ፣ ሌላ እገዛልሻለሁ" ብላ ራሴን ደረቷ ላይ አስደገፈችኝ።

አጎቴ ሲቀበሏት ከልክ በላይ ሳቁ። እናትሽ ጠበል ናት፣ ነገ በጠዋት ትመጣለች ተባለች። ካፖርቱን ከመኝታዋ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቅላው ተኛች።

ማለዳ ላይ መጡ። አጎቴ፣ የንስሐ አባታችን፣ ከኋላ ደግሞ ሦስት የጎረቤት እናቶች። ማንም ገና አፉን አልከፈተም። እህቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ፊታቸውን አላየችም፤ ያየችው ነጠላቸውን ነው። ለሐዘን ተዘቅዝቋል። የልብስ ነገር ነው እንግዲህ፤ ያደገችበት ነው፣ እንዴት ትስተዋለች?

"ማን ነው?" አለች።

"ልጀ፣ እናትሽ አርፋለች። ቻይው" አሉ አጎቴ።

"መቼ?"

"ያለፈው ዓመት ኅዳር።"

ጩኸቷን አልጽፈውም። ሴቶቹ እጇን ያዙላት፣ ውኃ አቀመሷት፤ አጎቴ እንዳሉት ሁሉም በወጉ ሆነ። በጩኸቱ መሐል አንድ ጊዜ ዞራ አየችኝ። ያን ጊዜ መቁጠሯን አወቅሁ።

ለቅሶውን እናታችን ቤት፣ ጋፋት ላይ ተቀመጥን። የምትለብሰው ጥቁር ስላልነበራት የኔን ከል ሰጠኋት። አገር ምድሩ መጣ፣ አለቀሰ፣ ሄደ። እኔን አላናገረችኝም። አልተቆጣችኝምም። ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትለኝ፣ ፀጉሬን ብትነጨኝ እወድ ነበር፤ ቢያንስ እመልስላታለሁ፣ እጮኻለሁ፣ እንጣላና እንታረቃለን። እሷ ግን ሰው ፊት "ውኃ አቀብይኝ" እንኳ ስትለኝ በትሕትና ነው።

በሳምንቱ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ "ልብሶቹን አምጫቸው" አለችኝ።

ከተማ ወርጄ አራቱንም አመጣሁ። በሩ ላይ፣ ፀሐዩ ጋ፣ ቁርበት አንጥፋ ተቀምጣለች፤ እጇ ላይ ምላጭ ይዛለች። ካፖርቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችና የልብስ ሰፊውን ስፌት ትተረትር ጀመር። በዝግታ፣ ክሩን አንድ በአንድ እየመዘዘች። ወደ እማዬ ልክ እየመለሰችው መሆኑን ያወቅሁት ወገቡ ሲሰፋ ነው።

"ለዚህኛው ምን አለች አልሽኝ?" አለች ቀና ሳትል።

"የትኛው?" አልሁ አልገባኝም መስዬ።

"ካፖርቱን የላክሁ ጊዜ። ምን አለች አልሽኝ?"

ነገርኋት። ያንኑ የዋሸሁትን ምርቃት ደገምሁላት። ራሷን ነቀነቀችና ካፖርቱን አስቀምጣ ሹራቡን አነሳች። እሱንም ጠየቀችኝ፤ እሱንም ተናገርሁ። የሻርፑንም። ከዚያ ቀሚሱን ያዘች። ጎኑን ከላይ እስከ ታች ተረተረችው። ጨርቁ ግን አልሰፋም። ገልብጣ አየችው፤ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ትርፉስ?" አለችኝ።

"አስቆረጥሁት።"

"ለምን?"

"እንዳይጎረብጠኝ ብዬ" አልሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ያን ስናገር ነው እንባዬ የመጣው፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ "እታለም፣ እሷ አይደለችም እኮ፣ እኔ ነኝ፣ ሁሉንም ከራሴ አፍ ነው፣ ማሪኝ" አልኋት።

"አውቃለሁ" አለች። ምላጩን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። "ለቀሚሱ ምን አለች አልሽኝ?"

እንባዬን በእጄ ጠረግሁ። ጠበቀችኝ። በመጨረሻ "'ያለበስሽኝን እግዚአብሔር ያልብስሽ፣ ልጀ' አለች" አልሁ።

እህቴ የተተረተረውን ቀሚስ በሁለት እጇ እንደያዘች፣ እናታችን ስትመርቃት እንደምታደርገው ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ "አሜን" አለች።